ከሊፍቱ ምሰሶ ስር

በግቢዬ ያለውን ነገር ሁሉ፣ የጓሮውን እንሰት ሳይቀር፣ ቆጥሬ የማውቅ ሰው ነኝ። ሶዶ ከተማ ውስጥ ጋሪ ከመግፋት ተነስቼ ሁለት ሚኒባስ የገዛሁትም ስለምቆጥር ይመስለኛል። በቅርቡ ሚኒባሶቹን ራሴ ከስራቸው እየገባሁ ልጠግን ብዬ የመኪና ማንሻ ሊፍት ገዛሁ። ጓሮ በሠራሁት ጋራዥ የሚተክልልኝ ባለሙያም ከቦዲቲ አመጣሁ።

ባለሙያው የመጀመሪያውን ምሰሶ በብሎን ለማሰር ወለሉን በድሪል መብሳት ጀመረ። ድሪሉ ኮንክሪቱን እንዳለፈ እስከ እጀታው ሰመጠ። ሲያወጣው ጫፉ ላይ ነጭ ሊጥ ተጣብቋል። አሸተተው።

"ጋሼ፣ ይሄ ቆጮ ነው።"

"የምን ቆጮ? ጋራዥ እኮ ነው!"

"እሱን ለድሪሉ ይንገሩት። መኪና ብንሰቅልበት ኖሮ ምሰሶው ይሰምጥ ነበር።"

ከመኪናው ስር የምገባው እኔ ነበርኩ። ባለቤቴን ጠራኋት። ቀዳዳውን አየችው እንጂ አልደነገጠችም።

"ለጊፋታ በዓል እንዲብላላ ጉድጓድ ውስጥ የቀበርኩት ነው" አለች።

"ታዲያ ሲሚንቶ ሲፈስ ለምን ዝም አልሽ?"

"ያፈሰስከው ልጃችን ጋ ሄጄ ሳለሁ ነው። ከመጣሁ በኋላ ብነግርህ ደግሞ ትቆጥረዋለህ።"

ባለሙያው ፊቱን አዙሮ ሳቀ። እኔም ወሬውን ለመቁረጥ፣ "ይሄን ቆፍረን አውጥተን በኮንክሪት እንሞላዋለን። አንተ እስከዚያ ሁለተኛውን ምሰሶ ትከል" አልኩት።

ድሪሉን አንስቶ ወደዚያኛው ጥግ ሲሄድ ባለቤቴ እጁን ያዘችው።

"እዚያስ አትብሳ ልጄ፤ ትልቁ ጉድጓድ እሱ ነው።"