ግራ ጉንጬ እና የባኮዋ ሙሽራ

አምቦ በሠራሁባቸው ዓመታት ግራ ጉንጬ የጓደኛዬ ነበር። እሷ ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ጠባብ የኮስሞቲክስ ሱቅ ነበራት፤ ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ወንበርና አንድ መስታወት አስቀምጣ ሙሽሮችን ታስውባለች። እኔ የሬዲዮ ዘጋቢ ነበርኩ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በሱቋ በር ነው የማልፈው። ከአዲስ አበባ አዲስ ዕቃ በመጣ ቁጥር ደጃፏ ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። ቀኝ ጉንጬ እንዳለ ይቀራል፤ ግራው ላይ አዲሱ ፋውንዴሽን ይቀባል። እንደዚያ ሆኜ ስብሰባውንም ገበያውንም ስዘግብ እውልና ማታ ውሎውን እነግራታለሁ።

ለምን እኔን እንደመረጠች አንድ ቀን ጠየቅኳት። ሌሎቹ ጓደኞቼ ገና መስታወት ሳያዩ "ያምራል" ይላሉ፣ አንቺ ግን ያየሽውን ብቻ ነው የምትናገሪው አለችኝ። ምስጋና ይሁን ወቀሳ አላጣራሁም።

ፍርዳችን በጥቂት ቃላት ያልቅ ነበር። ላብ ሲነካው የሚያብረቀርቀው "ቅቤ" ነው። ደርቆ የሚሰነጠቀው "ጭቃ" ይባላል። ከፊት ቀለም ነጥቶ ለብቻው የሚታየውን ደግሞ "ወፍጮ ቤት" እንለዋለን፤ የተቀባችው ሴት ዱቄት ሲቦንባት የዋለች ትመስላለችና። የጊንጪ መንገድ ራሱን የቻለ ፈተና ነበር። ለእህል ገበያ ዘገባ ጊንጪ ደርሼ ስመለስ፣ ተጣባቂ የሆነው ቅባት የጤፉን ብናኝና የመንገዱን አቧራ ሰብስቦ ይመጣል። ጓደኛዬ ጉንጬን በሶፍት ጠርጋ ሶፍቱን ወደ ብርሃን ታነሣና፣ "ይሄ ለግድግዳ ነው የተሠራው" ብላ ዕቃውን ከመደርደሪያ ታወርደዋለች።

አንድ ነገር ግን ከእጃችን ውጪ ነበር። በዚያን ጊዜ ነጋዴዎቹ የሚያመጡት ቀለም ሁሉ ለቀይ ሴት የሚሆን ነው። ጠይም ደንበኛ ስትመጣ ጓደኛዬ ስስ አድርጋ ቀብታ ታልፈው ነበር።

ጥር ሊገባ ሲል ከባኮ ስልክ ተደወለላት። ከአምቦ ውጪ የመጀመሪያዋ ሙሽራ ናት። የደወሉት የሙሽራዋ አክስት ናቸው። የልጅቷ እናት እንዳረፈች፣ የሠርጉ ፎቶ ሳሎን ውስጥ ከእናትየዋ ፎቶ ጎን እንደሚሰቀል ነገሯት። ጓደኛዬ ይህን ስትሰማ ቀልዷን ተወች። የተበላሸ ፎቶ እዚያ ግድግዳ ላይ ስንት ዘመን እንደሚኖር አሰበችው። ኢንተርኔት የሌለበት ወቅት ስለነበር የልጅቷን መልክ በስልክ ማየት አልተቻለም። ስለዚህ በኦሮምኛ፣ ሙሽራዋ ምን ዓይነት ትሁንልዎ ብላ ጠየቀች። አክስትየዋ አንድ ቃል መለሱ፦ "መጋላ።"

መጋላ ከተማ ማለት ነው። ጓደኛዬም የከተማ ሙሽራ ትምሰልልን ማለታቸው ነው ብላ፣ አዲስ አበባ ካሉት ሙሽሮች ፊት ላይ የምታየውን ደማቅና ነጣ ያለ ፋውንዴሽን አስመጣች። ላብ አይነካውም ተብሎለታል። የቀረው ሙቀት ላይ መሞከሩ ነበር፤ አምቦ ደግሞ እንደ ባኮ አይሞቅም። እኔ ለበቆሎ ዘገባ ባኮ እሄድ ስለነበር ግራ ጉንጬን ቀብታ ሸኘችኝ። እግረ መንገድሽን ሙሽራዋን እያት አለችኝ።

ስነሣ ሹራብ ለብሼ ነበር፤ ጌዶ ላይም ብርዱ አልለቀቀኝም። እጃጂ ስንደርስ አወለቅኩት። ሚኒባሱ ሲቆም አንዲት ሙዝ ሻጭ ወደ መስኮቴ መጣች። ሙዙን ትታ ፊቴን ስታይ ቆየች።

"አዴ፣ በዚህ በኩል ወፍጮ ቤት ነው እንዴ የዋልሽው?"

ከኋላዬ የተቀመጡ ሽማግሌ ቀበል አድርገው፣ "በዚያኛው በኩል ገና ተራ አልደረሳትም" አሏት። ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄ ሙዝ ገዛሁ። ባኮ ስገባ ፀሐዩ አናት ይመታ ነበር። ጉንጬን በሶፍት ነካ ነካ አደረግኩት፤ ሶፍቱ ንጹሕ ነው። ቅባቱ በሙቀቱ በኩል ፈተናውን አልፏል።

ሥራዬን ጨርሼ ሙሽራዋ ቤት ሄድኩና ቅባቱን በጉንጬ እየሞከርኩ እንደመጣሁ ነገርኳቸው። አክስትየዋ ቀዝቃዛ ውሃ ሰጥተው አስቀመጡኝ። ከፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ የእናትየዋ ፎቶ አለ፤ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገች፣ ለፈገግታ የተዘጋጀች ጠይም ሴት። ሙሽራዋ ከጓዳ ስትወጣ ያው መልክ ነበር፣ ወጣት ሆኖ። ተቀምጣ ሁለቱንም ጉንጮቼን አየች።

"የኔ የቱ ነው?"

ግራውን አሳየኋት። ወደ ፎቶው ዞረች።

"እንዲህ ሆኜ እናቴ ጎን ብሰቀል እንግዳ እመስላለሁ" አለች።

አክስትየዋ ተቆጡ። መጋላ ብዬ በግልጽ ነግሬያት የለም ወይ አሉ። እኔ ደግሞ የሰው ቃል ከመያዜ በፊት ትርጉሙን መጠየቅ ልማዴ ነው፤ መጋላ ሲሉ ምን ማለትዎ ነው አልኳቸው። የሙሽራዋን ክንድ ያዝ አድርገው ወደ እኔ አቀረቡት።

"ይኸው፣ መጋላ ይሄ ነው። እናቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ 'መጋላ ኮ' ነበር የምትላት።"

'መጋላ ኮ' ማለት የኔ ጠይም ነው። የቃሉ መጨረሻ ሲሳብ ከተማ ይሆናል፣ ሲያጥር የጠይም መልክ። ፊት ለፊት ለተነጋገረ ሰው ግልጽ ነው፤ የሚቆራረጥ ስልክ ግን ይህችን ልዩነት አያደርስም። ጓደኛዬ ከተማ ብላ እንደሰማችው ስነግራቸው ቁጣቸው በሳቅ ተሸነፈ።

"ከተማ? ታዲያ ባኮ ምን መስሏት ነው፣ ጫካ?"

ፎቶ መላክ ስለማይቻል ሌላ ማስረጃ መያዝ ነበረብኝ። ሙሽራዋን ወደ ደጅ አውጥቼ እጄን ከጉንጯ አጠገብ አደረግኩ። መዳፌ ይቀላል፣ ክንዴም አይመሳሰልም። ፀሐይ ያጠየመው የእጄ ጀርባ ግን ከፊቷ ጋር ልክ ገጠመ። አክስትየዋም አይተው መሰከሩ።

አምቦ ተመልሼ ለጓደኛዬ ስነግራት ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ቃሉን አንዴ ሳብ፣ አንዴ አጠር አድርጋ ለራሷ ደጋገመችው። ከዚያ ተነሥታ መደርደሪያውን አየች፤ ጠይም የሚባል ነገር የለም። በመጨረሻ ካላት ዕቃ ሁሉ ጥቁር ቡናማ ሆና የተገኘችው፣ አፍንጫ ቀጭን እንዲመስል ጎንና ጎኑን የሚያጠቁሩበት እርሳስ ነበረች። እሷን ፍቃ ከፋውንዴሽኑ ጋር በእጄ ጀርባ ላይ አዋሐደች። የመጀመሪያው ሸክላ መሰለ። የሚቀጥለው አመድ ሆነ። በየመሐሉ እጄን ይዛ ወደ ደጃፉ ብርሃን ትወስደኛለች፤ መንገደኛው መዳፍ የምታነብልኝ ሳይመስለው አልቀረም። ብዙ ከደከመች በኋላ አንድ ጠብታ ቀብታ ጣቷን አነሣች። የተቀባው ቦታ የቱ እንደሆነ ሁለታችንም ማግኘት አቃተን።

"ጠፋ" አለች።

ከዚያ በፊት ያላወቅነው ፍርድ ነበር። ጥሩው የሚጠፋው ነው።

የሠርጉ ዕለት አብሬያት ሄድኩ። ሙሽራዋን አስውባ ስትጨርስ አክስትየዋ የእናትየዋን ፎቶ ከግድግዳው አውርደው ከልጅቷ ፊት ጎን ያዙት። ከአንዱ ወደ አንዱ እያዩ ቆዩ።

"መጋላ ኮ" አሏት፣ እናቷ ትላት እንደነበረው።

የልጅቷ ዓይን እንባ ሞላ። ጓደኛዬ ሶፍት ይዛ ደረሰች።

"ኩሉ ይሄዳል፣ የኔ እናት። ፎቶው እስኪነሣ ቻይው።"

ሙሽራዋ ሳቀች፤ ፎቶው የተነሣው በዚያ ሳቅ ላይ ነው።

አሁን የምኖረው ከአምቦ ርቄ ነው። የጓደኛዬ መደርደሪያ ዛሬ ከነጣው እስከ ጠቆረው በቁጥር የተደረደረ ቀለም ሞልቶታል፤ አዲስ ዕቃ ሲወጣም ወጣቶቹ በስልካቸው ራሳቸውን እየቀረጹ ይፈርዳሉ። ጥሩ ይፈርዳሉ። ግራ ጉንጬን የሚፈልግ የለም። ጓደኛዬ ግን አንዱን ቁጥር እስካሁን መጋላ ትለዋለች። ከሌላ ክልል የመጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትርጉሙን ከሰው ጠይቀው ይመጡና፣ "ያንን የከተማውን ስጪን" ይሏታል። አታርማቸውም።

በቅርቡ ለሥራ ባኮ አለፍኩና ያ ቤት ጎራ አልኩ። ስመለስ አምቦ ወርጄ ሱቋ ገባሁ። ገና ሳትሳለመኝ ስለ ፎቶው ጠየቀችኝ።

ያየሁትን ነገርኳት። ሁለቱ ፎቶዎች ጎን ለጎን ተሰቅለዋል። የሙሽራዋ ትንሽ ሴት ልጅ በጣቷ እያሳየች፣ ይቺ እናቴ ናት፣ ያቺም እናቴ ናት ብላኛለች፤ የትኛዋ የትኛዋ እንደሆነች አክስትየዋ ናቸው የለዩልኝ።

ጓደኛዬ ከወንበሯ ተነሣች። ከመደርደሪያው መጋላ የምትለውን ጠርሙስ አንሥታ እጄን ያዘችና ወደ ደጃፉ ብርሃን ወሰደችኝ።