ጋሼ በላቸው የወሰዱልኝ የዓሣ ጥፋት

ቆይ እንጂ! «የኬንያ እንግዶችን ጫጩት ዓሣ ያበሉት ሰውዬ» ብለህ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የሳቅከው አንተ አይደለህም? ሰምቼሃለሁ። «ባሕር በሌለው አገር የምን የዓሣ ዲፕሎማት!» ያለውንም ሰምቼዋለሁ። ጋሼ በላቸው ማክሰኞ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ቤታቸው አርፈው ትናንት ቀበርናቸው። ደክሞኛል፣ የመጣላት አቅም እንኳ የለኝም። ግን ስድስት ዓመት ሾፌራቸው ነበርኩ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ባያልፍም ከቃሊቲ እስከ ኦሞራቴ ያለውን ጉድጓድ ሁሉ በስሙ እጠራዋለሁ። ስለዚህ እኔን ስሙኝ።

ቱርካና ሐይቅ የኛም የኬንያም ነው። ዓሣው ፓስፖርት የለው፤ እዚህ ተፈልፍሎ እዚያ ያድጋል። ሳይወልድ ከተያዘ ሁለታችንም ባዶ መረብ ነው የምንጎትተው። የጋሼ ሥራ ሁለቱን ወገን ማስማማት ነበር። ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ደግሞ ስብሰባ። መኪና ውስጥ ተኝቼ ስነቃ ያንኑ ሲናገሩ አገኛቸዋለሁ፦ «ሦስት ጣት የማያሳልፍ መረብ፣ መረብ ሳይሆን ወንፊት ነው።»

«ጋሼ፣ አይሰለችዎትም?» አልኳቸው አንዴ።

«ይሰለቸኛል እንጂ! ሰልችቶኝም እሄዳለሁ» አሉኝ።

አሁን ወደ ምሳው ልምጣ። የሁለቱ አገር ዓሣ አስጋሪዎች ከሐይቁ በላይ ኦሞ ወንዝ ዳር፣ ኦሞራቴ ተሰብስበው ጋሼ «ትንንሹን አትያዙ» እያሉ ሲለምኑ አረፈዱ። እኔን ለምሳ ዓሣ ግዛ አሉኝ። ግዢ ላይ ማን ይችለኛል! የሚጣፍጠው ከነአጥንቱ የሚቆረጠመው ነው ብዬ፣ መዳፍ የማታክል ቆሮሶ ዓሣ በሳህን ሙሉ አስጠብሼ፣ ደረቴን ነፍቼ አቀረብኩ።

የኬንያዎቹ ሽማግሌ አንዷን በጅራቷ አንጠልጥለው ጋሼን አዩዋቸው። «ይቺ ወልዳለች?» ብለው በአስተርጓሚ ጠየቁ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ወዲያው ሳቁ ቆመና እንግዶቹ ሊሄዱ ተነሱ። የስንት ዓመት ልፋት በኔ ጥብስ ሊያልቅ ነው! እኔ ጀግናው ምሰሶ ጀርባ ተደበቅኩ።

ጋሼ ወደኔ ዞር እንኳ ሳይሉ ቆሙ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እናንተን ስወቅስ አርፍጄ የራሴን ሳህን አላየሁም። ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ። ከዚያ ምሰሶው ጋ መጥተው በጆሮዬ፦ «አንተ ፍጥረት፣ ሂድና ሻይ አስፈላ።»

ሽማግሌው ሰው ልከው ከጀልባቸው የራሳቸውን መረብ አስመጡ። ጋሼ ጣታቸውን ቢያስገቡ አንድ ብቻ አለፈ። የኛዎቹም አፍረው የነሱን አመጡ፤ የኛማ ባሰ! ምሳችንን ዳቦ በሻይ በላን፤ እነሱም ዓሣ በሚራባበት ወራት ማንም መረብ እንዳይጥል ተስማሙ። ፊርማ የማይችለው በጣቱ ፈረመ።

ወረቀቱን ወደ ላይ የወሰዱት ሰዎች እስከ ዛሬ «እየታየ ነው» ይላሉ። ጋሼ ጡረታ ወጥተው፣ ታመውም፣ ሊጠይቁ ይመላለሱ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ አራተኛ ፎቅ ድረስ ደግፌ ሳወጣቸው በየደረጃው ይቆማሉ። «ምን አሉ?» ስላቸው «‹ነገ ይምጡ› አሉኝ» ብለው ይስቃሉ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። ቢሮ ውስጥ ግን በዚያ ምሳ ሲቀለድባቸው ኖረ፣ እሳቸውም አንድም ቀን ስሜን አልጠሩም።

ጋሼ፣ ያን ዕለት ከምሰሶው ጀርባ መውጣት አቃተኝ። ዓሣውን የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ይኸው ለሚያውቅዎት ሁሉ ተናገርኩ። ከእንግዲህ ደረጃ የለብዎትም፣ ይረፉ። ያላመነኝ ካለ ኦሞራቴ ይውረድ፤ በመራቢያው ወር ደርሶ መረቡ ወረቀቱ ሳይጸድቅም ለምን ዳር ላይ እንደተሰቀለ፣ ያን ቀን ከነበሩት የፈለገውን ሰው ይጠይቅ!