የእማማ ሮዛ ክንድ

የእናቴ ሱቅ ባለበት በጀፕስታውን ሰፈር አዲስ ብርድ ልብስ ከላስቲኩ ሲወጣ ሽታው ካወደኝ እማማ ሮዛ ፊቴ ላይ ድቅን ይላሉ። ልጅ ሳለሁ ቤሪያ በሚባለው ሰፈር ከእኛ ፎቅ በታች ብቻቸውን የሚኖሩ አይሁዳዊት አሮጊት ነበሩ።

አንድ ቀን እናቴ ሱቅ መጥተው የብርድ ልብሱን ልስላሴ በክንዳቸው ሊሞክሩ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ክንዳቸው ላይ ሰማያዊ ቁጥር ተነቅሷል። እናቴም አንገቷን የተነቀሰች ናት፤ እዚህ አገር ከመጣን ወዲህ ግን ሰው እያፈጠጠባት ስላፈረች በሻርፕ ትሸፍነው ነበር።

«እስቲ ጠይቂልኝ፣» አለችኝ ደስ ብሏት። «እሳቸውንም ለውበት ነው የነቀሷቸው?»

በእንግሊዝኛ ጠየቅኳቸው። አልተቆጡም።

«ያኔ ካንቺ ትንሽ ብበልጥ ነው። አይሁድን ከምድር ላይ ሊያጠፉ የተነሱ ሰዎች ናቸው የጻፉብኝ። እናቴንም እነሱ ገደሏት።»

ስተረጉምላት የእናቴ እጅ ወደ ሻርፗ ሄደ። «ታዲያ ለምን አይሸፍኑትም?» አስባለችኝ።

«ምን አጥፍቼ ነው የማፍረው?»

ነገሩ ያኔ በቅጡ አልገባኝም። እናቴ ግን ሻርፗን ፈታች። እማማ ሮዛ ንቅሳቷን በጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው፣ «ያንቺንስ ማን ጻፈው?» አሉ።

«እናቴ፣» አለች፤ ይቺን በእንግሊዝኛ ራሷ መለሰች። አሮጊቷ እጃቸውን ከአንገቷ ሳያነሱ ብዙ ቆዩ።

እማማ ሮዛ ዛሬ የሉም። እናቴ ግን ሻርፕ ደግማ አላደረገችም። ብርድ ልብስ ስትሸጥም የደንበኛዋን እጅጌ ሰብስባ፣ «በክንድ ነው የሚሞከረው» ትላለች። ማን እንዳስተማራት ከጠየቋት፣ የእማማ ሮዛን ስም ትጠራለች።