መቀሱ እስኪመጣ

ሪባን አልወድም። ዛሬም የሱቅ በር ላይ ተወጥሮ ሳየው ደሜ ይፈላል። "ምን ሆንሽ?" ሲሉኝ "ምንም" እላለሁ፤ ውሸቴን ነው።

ክልሉ አዲስ በተቋቋመበት ጊዜ ከአሶሳ ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ከጎጃም ተመድቤ የመጣሁ ወጣት መምህርት ነበርኩ። እናቴ "ይቺ ምላስሽ አንድ ቀን ታሳስርሻለች" ትለኝ ነበር። እስካሁን አላሳሰረችኝም፤ ለትንሽ ግን ተርፌያለሁ።

በፊት መንገዱና የትምህርት ቤቱ በር እኩል ነበሩ። ግሬደር መጣና መንገዱን ከፍ አድርጎ ጠረገ፤ ለጎርፉ ማፋሰሻ ብሎ ደግሞ በሩ ፊት ለፊት እስከ ሰው ወገብ የሚደርስ ቦይ ቆፍሮ ሄደ። ለመኪናው ታሰበ፣ ለውሃው ታሰበ፤ ለልጆቹ ማን ያስብ? ልጆቹ ሁለት ቀርከሃ አጋድመው በላዩ ላይ እየተንገዳገዱ መሻገር ጀመሩ። ይወድቃሉ፣ ይነሳሉ፣ ጭቃቸውን አራግፈው ክፍል ይገባሉ። ወድቃ እንደነሱ መነሳት የማትችል አንዲት ልጅ ግን ነበረችኝ።

የስድስተኛ ክፍል ተማሪዬ ናት። ፖሊዮ በሕፃንነቷ አንድ እግሯን አቅጥኖባታል፤ ጉልበቷ አይታጠፍም፤ የምትሄደው በምርኩዝ ነው። ቤቷ የሚነገረው በርታኛ ስለሆነ አማርኛን የለመደችው ክፍል ውስጥ ነው፤ ሲቸግራት ቃሉን አሳጥራ ትወረውረዋለች። በሒሳብ ግን ክፍሉን ሁሉ ታስከነዳለች። አባቷ ገበሬ ነው። ጠዋት አዝሏት ቦዩን ያሻግራታል፣ ትምህርት ሲያልቅ መጥቶ ይመልሳታል። አንድ ቀን ጠበቀኝና፣

"ቲቸር፣ ዝናብ ከመጣ እኔ እርሻ ይሄዳል። ማን ይሸከም? ወላሂ፣ ቦይ እንዲህ ከሆነ እሷ ቤት ይቀራል" አለኝ።

የስድስተኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው። ካልተፈተነች ሰባተኛ የለም። በእሷ ዕድሜ ቤት የቀረች ልጅ ደግሞ ተመልሳ ስትመጣ አላየሁም።

ድልድይ ይሠራልን ብዬ አሶሳ ድረስ ተመላለስኩ። የመንገድ ሰዎች "ከቦዩ ወዲህ ያለው የትምህርት ነው" ይላሉ። የትምህርት ሰዎች "ከቦዩ ወዲያ ያለው የመንገድ ነው" ይላሉ። "እሺ፣ ቦዩ ራሱስ የማን ነው?" ብል አንዱ ሳቀብኝ። ምን የሚያስቅ ነገር አለው? ስጨቀጭቃቸው ሰልችቷቸው ይመስለኛል፣ በመጨረሻ ሲሚንቶ ተፈቀደ። ወላጆች ድንጋይና አሸዋ ተሸከሙ። ከበሩ እስከ ክፍሎቹ ያለው የእግር መንገድም ጠጠር ለበሰ። ግንበኛው ለድልድዩ ደረጃ ሊያበጅለት ሲል፣

"ደረጃ ከሠራህበት እኔንም እዚያው ገንባኝ!" አልኩት።

ሳቀና ዘመም አድርጎ ሠራው፤ በጎንና በጎኑም መያዣ ብረት ተከለለት። ዝናቡ ሳይገባ አለቀ፣ ደረቀም። ጉዳዩ ተቋጨ ብዬ በሰላም ተኛሁ።

ምን ዋጋ አለው! በነጋታው ዲሬክተሩ የድልድዩን ሁለት ጫፍ በእሾህ አሳጠረው። መሐሉ ላይ ቀይ ሪባን ወጠረበት፤ ዘበኛም አቆመ።

"ሳይመረቅ አይረገጥም" አለ።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ይመረቅ ነበር። የተቆፈረ ጉድጓድ ይመረቃል፣ ቀለም የተቀባ ቢሮ ይመረቃል። ደስታውን አልነቅፍም። ለረጅም ጊዜ ማንም ዞር ብሎ ያላየው አገር የራሱ የሆነ ነገር ሲያይ ቢያጨበጭብ፣ እኔም አብሬ አጨበጭባለሁ። ግን ድልድይ እኮ ነው! ዓመት በዓል እስኪደርስ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጥ ቀሚስ አይደለም!

"መቼ ነው የሚመረቀው?" አልኩት።

"የሚመርቁት የክብር እንግዳ በዚህ ሳምንት ከአሶሳ ይመጣሉ።"

በዚያ ሳምንት እንግዳው ስብሰባ ነበረባቸው። ቀጥሎ መኪናቸው ተበላሸ። ቀጥሎ እንደገና ስብሰባ። ሪባኑ ፀሐይ መትቶት ቀይነቱን ለቀቀ። ከዚያ ዝናቡ ጀመረ። ልጆቹ ከአዲሱ ድልድይ አጠገብ፣ በዚያው በሚያዳልጠው ቀርከሃ ላይ ይንገዳገዳሉ። ኧረ ጉድ ነው!

አንድ ጠዋት አባትየው ልጁን አዝሎ ሲሻገር አዳለጠውና ሁለቱም ጎርፉ ውስጥ ገቡ። እኔና ዘበኛው ጎትተን አወጣናቸው፤ ምርኩዟን ግን ውሃው ወሰደው። አባትየው ጭቃውን ከፊቷ ላይ እየጠረገ ድልድዩን አየ፣ እሾሁን አየ።

"ይሄ ድልድይ ለማን ነው፣ ቲቸር?" አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ቀረች።

በቀጥታ ዲሬክተሩ ቢሮ ገባሁ።

"ልጅቷ ቀረች እኮ! ይክፈቱት!"

"ትንሽ ትታገስ። እንግዳው ሲመጡ ጭቃ በጭቃ የሆነ ድልድይ ልናስመርቅ ነው?"

"ድልድይ ካልተረገጠ ምን ሊሆን ነው? ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው?"

"ሥነ ሥርዓት አለ፣ መምህርት።"

"ገደል ይግባ ሥነ ሥርዓቱ!" አልኩና በሩን ወርውሬበት ወጣሁ።

ከፈተናው በፊት በነበረው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። "ነገ አምጣት፣ ድልድዩ ክፍት ነው" አልኩት አባቷን። በጠዋቱ እያካፋ በአህያ አመጣት፤ አዲስ ምርኩዝም ቆርጦላታል። ዘበኛው ከወሎ የመጡ ሰፋሪ፣ ደግ ሽማግሌ ናቸው። እሾሁን ስይዘው ደነገጡ።

"ኧረ በአላህ፣ እንጀራዬን እንዳታሳጪኝ!"

"አባባ፣ እርስዎ ምንም አላዩም። ሄደው ሻይ ይጠጡ።"

"በዚህ ዝናብ የምን ሻይ አለ?"

"እስኪፈላ ይጠብቁታ!"

ራሳቸውን አከኩ፣ ዱላቸውን አነሱና ከክፍሎቹ ጀርባ ሄዱ። እሾሁን ከሁለቱም ጫፍ በእጄ ጎትቼ ጣልኩት። ልጅቷ ሪባኑ ጋ ደርሳ ቆመች። ሌላ ልጅ ቢሆን ጎንበስ ብሎ ያልፍ ነበር፤ እሷ በዚያ እግር እንዴት ትጎንበስ? መቀስ የለኝ፣ ምላጭ የለኝ። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣና በጥርሴ ዘነጠልኩት።

"ቲቸር ሪባን በላ!" ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ከዚያ ብረቱን ይዛ፣ ማንም ሳይሸከማት፣ በራሷ እግር ተሻገረች። አባቷ መንገዱ ዳር ዝናብ እየደበደበው "አልሐምዱሊላህ" ይላል። እኔ አለቀስኩ፤ ከደስታው ይልቅ የንዴት ለቅሶ ነበር። ይህችን ለምታህል ነገር ነው ይህ ሁሉ? ፈተናውን ተፈተነች፤ ውጤቱ ቆይቶ ሲመጣም አለፈች። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሌላ ሰው እንዳይመሰገንበት ነው።

ዲሬክተሩ አረፋ ደፈቀ። እሾሁን መለሰው፣ የተበጠሰውንም ሪባን መሐሉ ላይ ቋጠረው። እንግዳው የመጡት ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ሲል ነው። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ሪባኑ ተቆረጠ። ዲሬክተሩ ለካ ልጅቷን አበባ አስይዞ ከፊት አቁሟታል። እንግዳው ጎንበስ አሉላት።

"ይህ ድልድይ ለአንቺ ነው፣ የኔ ልጅ። ነይ፣ የመጀመሪያዋ ሆነሽ ተሻገሪበት።"

አልተንቀሳቀሰችም።

"እኔ ተሻግሯል" አለች።

"መቼ?"

"ፈተና ቀን። ፈተና አለቀ። እኔ አልዘገየም፤ መቀስ ነው የዘገየ።"

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ከኋላ አንዱ በበርታኛ ሲተረጉምላቸው ግን እናቶቹ እልልታውን አቀለጡት። እንግዳው እጃቸው ላይ ያለውን መቀስ አዩ። ቀጥሎ መሬት የወደቀውን ሪባን አነሱና ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱት።

"ይሄ ምንድን ነው?" አሉ።

ዲሬክተሩ ዞሮ እኔን አየ።

"እኔ ነኝ የበጠስኩት፣ በጥርሴ" አልኩ፣ የኋላው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ። "ነገ እንደገና ብታስሩትም እደግመዋለሁ።"