የቦራክሱ አረፋ ሲረጋ

ብር ሠሪውን የሰፈሩ ሰው «መርማሪው» ይለዋል። የተሰጠውን ዕቃ ሳያገላብጥ አይቀበልም፤ ደህና አደርክ ያለውን ሰው እንኳ ምን ፈልጎ እንደሆነ ሳያስብ አይመልስለትም። ማንንም ስለማያምን፣ ማንም ያምነኛል ብሎ አይገምትም። ከዚህም የተነሣ በሱቁ ውስጥ አንድ የማይሻር ደንብ አለ፤ ብር ያመጣ ሰው ሥራው እስኪያልቅ ድረስ ከጠረጴዛው ፊት ለፊት ተቀምጦ ማየት አለበት።

«ኋላ ብሬን ቀነሰው ብሎ የሚያወራብኝ አልፈልግም» ይላል።

ሱቋ ጠባብና ባለ አንድ መስኮት ናት። የጠረጴዛው ጠርዝ ክንዱን ከማሳረፉ ብዛት ጎድጉዷል፤ ከሥሩ የተወጠረው ቆዳ ከሞረድ የሚረግፈውን የብር ብናኝ ይቀበላል። ሚስቱ ከጓዳው በር አጠገብ በዝቅተኛ ወንበር ተቀምጣ ቦራክስ ትፈጫለች። ቦራክስ ነጭ፣ የጨው ድንጋይ የሚመስል ነገር ነው። በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ከጥቂት ውሃ ጋር ሲታሽ እንደ ወተት ይሆናል። ብር ሲግል ፊቱ ይጠቁራል፤ ፊቱ የጠቆረ ብር ደግሞ ሌላ ብር አያስጠጋም። ቦራክስ የተቀባ እንደሆነ ግን ፊቱ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል፤ ቶሎ የሚቀልጠው መበየጃ ብርም ፈስሶ ወደሚጠገነው ስንጥቅ ይገባል። ሴትዮዋ ይህን ሥራ ከተጋቡ ጀምሮ ለማንም አሳልፋ አልሰጠችም። እሱ «እጅሽ የለሰለሰ ስለሆነ ነው» ሲላት፣ እሷ «ሌላ ሰው ስለማታምን ነው እንጂ» ትለዋለች።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቦራክሱ ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር።

«የሰው እጅ አለበት» አለ መርማሪው፣ ባዶውን ቆርቆሮ እያገላበጠ።

«የማን እጅ?»

«ጎረቤታችን ሰዓት አዳሹ ትናንት እዚህ ቆሞ ነበር።»

«እሱ ደግሞ ቦራክስ ምን ያደርግለታል? ሻይ ውስጥ ሊጨምረው ነው?»

«ጉንዳን ያጠፋል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ድንጋይዋ ተመለሰች። ቦራክሱ የት እንደሚገባ ታውቃለች። ጠረጴዛውን የምትጠርገው እሷ ናት፤ ከየሥራው ላይ የሚፋቀው ቅርፊት እንደ ብርጭቆ ወፍሮ ስታይ ሰንብታለች። ባሏ ስንጥቁ ስለማይታየው ዙሪያውን ሁሉ ቦራክስ እያለበሰው ነው። ባለፈው ሳምንትም ለሽያጭ የሠራው ጉትቻ ከእሳቱ ላይ ቀልጦበት፣ ድብልብሉን ብር በመሳቢያ ጥግ ደብቆት አግኝታለች። መልሳ እዚያው አኖረችው። ለእሱ ዓይኔ ደከመ ማለት እጄን ቁረጡት ከማለት አይተናነስም።

አንድ ቀን ጠዋት የሰፈሩ አዋላጅ መጣች። ከተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ መጋጠሚያው የተሰነጠቀ አምባር አወጣች።

«የእናቴ ነው ጋሼ። ከእሷ የቀረኝ ይኸው ብቻ ነው።»

መርማሪው አምባሩን በጣቶቹ መሐል አዞረና ስንጥቁን በጥፍሩ አገኘው። አልሠራም ሊል አፉን ከፈተ፤ ለምን ብትለው ግን ስለ ዓይኑ ሊነግራት ነው።

«ተቀመጪ» አላት።

ስንጥቁን ቦራክስ ቀብቶ መበየጃውን አኖረበት፤ እንደ ልማዱም የብሩን መጋል ለማየት መስኮቱን ገርበብ አደረገና እሳቱን ለኮሰ። ድሮ ይረዳው የነበረው ጨለማ አሁን ጠላቱ ሆኗል፤ የእሳቱ ብርሃን እንደ ተነደፈ ጥጥ ተበትኖ አምባሩን ከዓይኑ ሰወረው። መበየጃው በፈሰሰበት ቅጽበት እሳቱ ካልተነሣ፣ የሟቿ አምባር እንደ ጉትቻው ድብልብል ብር ሆኖ ይቀራል። ባለቤቲቱ ደግሞ ፊት ለፊቱ ተቀምጣለች። አንገቱን አስግጎ ዓይኑን አጠበበ።

ሚስቱ ወንበሯን አንሥታ ከአዋላጇ አጠገብ አስጠጋች።

«እህቴ፣ ብር ሲበየድ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ እኔ እትዬ፣ የት አይቼ!»

«እንግዲያው ላሳይሽ። ይኸው ውሃው ደረቀ። አሁን ቦራክሱ ያብጣል። አየሽው፣ እንደ ሳሙና አረፋ ተነሣ። እዚህ ላይ መቸኮል የለም፤ መበየጃውን ገፍቶ ይጥለዋል።»

መርማሪው እሳቱን ራቅ አደረገ። ሚስቱ ለደንበኛ ይህን ያህል ስታወራ ሰምቶ አያውቅም።

«አሁን አረፋው ረጋ» አለች ቀስ ብላ። «ተኛ። እንደ መስታወት ጠራ። ብሩ ቀላ ማለት ጀመረ። መበየጃው አብረቀረቀ፤ ፈሰሰ፤ ገባ።»

«ገባ» የሚለውን ቃል ሳትጨርስ እሳቱን አነሣ።

አምባሩ ከቀዘቀዘና ከታጠበ በኋላ መጋጠሚያውን በጥፍሩ ደጋግሞ ፈለገው፤ አላገኘውም። አዋላጇ በክንዷ ላይ አጥልቃ ዞር ዞር አደረገችው፤ ከዚያም «እጅዎ ይባረክ» ብላ ወጣች።

ባልና ሚስት ብቻቸውን ቀሩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«ቦራክሱን እንደ ቅቤ መለቅለቅ ከጀመርክ።»

«ሰዓት አዳሹን በከንቱ ጠርጥሬዋለሁ ማለት ነው።»

«ምስኪን፣ ጉንዳን እንኳ የለበትም።»

እሱ አልሳቀም። «ሱቁን ልዝጋው?» ሲል ድምፁ ቀጥኖ ወጣ።

«ምን ሲደረግ! የዓይን ሞራ ነው። ሐኪም ይገፈዋል። ስንቱ ተገፎለት እያየ ነው።»

«ስንቱ ማለት ማን ማን?»

«ሂድና ራስህ መርምር።»

«ከነጭራሹ ቢያጠፉትስ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት እጁን ያዘችው። ጣቶቿ በቦራክስ ሻክረው ነበር፤ ለስላሳ ናቸው ሲል የኖረው ምን እያሰበ እንደሆነ በዚያች ሰዓት ገረመው።

«እኔ አለሁልህ» አለችው። «እየነገርኩህ ትሠራለህ። አታምነኝም እንዴ?»

«በእሳቱስ አምኜሻለሁ» አለ መርማሪው።

በማግሥቱ ሚስቱ ገና ሳትነሣ ተነሥቶ ለብሶ ወጣ። ከዓይን ሕክምናው በር ላይ ቆሞ የሚወጣውን ሁሉ ይጠብቅ ጀመር። በመጨረሻ አንድ ዓይናቸው በፋሻ የታሸገ ሽማግሌ በልጃቸው ተደግፈው ብቅ አሉ።

«ይቅርታ አባቴ፣ ሞራ ተገፎልዎት ነው?»

«ይኼኛው ከዚህ በፊት ተገፏል» አሉ ወደ ግልጡ ዓይናቸው እያመለከቱ። «ሁለተኛውን ደግሞ ትናንት ተሠራሁ።»

«እና ያያሉ?»

«አያለሁ።»

«ምን ያያሉ?»

ሽማግሌው ከራስ ፀጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ አዩት።

«ሸሚዝህን አዛንፈህ ቆልፈሃል።»

መርማሪው ጣቱን ከአንገቱ ጀምሮ በአዝራሮቹ ላይ ወደ ታች አወረደ። ሦስተኛው አዝራር በአራተኛው ቀዳዳ ገብቶ ነበር።