የኋላ ጎማዎቿም የሚታጠፉባት መኪና

እህቴ ከጅዳ የላከችው ሻንጣ ሲከፈት፣ ከሽቶውና ከአባያው መሃል አንዲት ቀይ የጭነት መኪና ወጣች። ርዝመቷ ከክንዴ አይበልጥም፤ ጎማዎቿ ግን እንደ ትልቅ መኪና ጎማ ጥርስ አላቸው። ሪሞቷ ላይ በተለጠፈው ወረቀት «ለአባ» የሚል ተጽፏል።

አባቴ ወረቀቱን አይቶ ፈገግ አለ፤ መኪናዋን ግን አልነካትም። «ለሽማግሌ መጫወቻ ይላካል እንዴ?» ብሎ ለአስር ሶላት ወጣ። መኪናዋም ቁም ሳጥኑ ላይ ወራት ተቀመጠች።

አባቴ ድሮ ሾፌር ነበር፤ ከጨፋ ሽንኩርትና ማሽላ እየጫነ ደሴ ይመላለስ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ሳልገባ ሥራውን ትቶ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ። ምክንያቱን ነግሮን አያውቅም። ደሴ መሄድ ግድ ሲሆንበት እንኳ ሚኒባሱ ውስጥ የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጥና እስኪደርስ ዓይኑን ይጨፍናል። እናቴ ደግሞ ቀኝ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። ቦርከና ወንዝ ዳር አዳልጧት ወድቃ ነው ሲባል ሰምተን አደግን።

እኔ ከሚሴ ውስጥ ሞባይል እጠግናለሁ። አንድ ጁምዓ ሱቄን ዘግቼ ቤት ስውል መኪናዋን አወረድኳትና ፈታኋት። የፊት ጎማዎቿ ደህና ናቸው፤ የኋላዎቹ ግን ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛሉ። ተሰብረዋል ብዬ ነበር። ለካ እነሱም መታጠፍ የሚችሉ ኖረዋል! ለብቻቸው የምታዞራቸው ትንሽ ሞተር አለች፤ ሽቦዋ መንገድ ላይ ተበጥሷል። በየድኩት። ሪሞቱ ላይ ያለችውን ቁልፍ ስገፋ የኋላዎቹ ቀጥ ይላሉ፤ ደግሜ ስገፋ ከፊቶቹ በተቃራኒ ይዞራሉ፤ ስሠልስ ከፊቶቹ ጋር ወደ አንድ ወገን ያዘነብላሉ።

በማግስቱ ሁላችንም ጨፋ፣ አጎቴ ዘንድ ሄድን። ማሽላው ተወቅቶ ገብቷል፤ አውድማው ባዶ ነው። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላ ገለባውን ሁሉ የማር መልክ ሰጥታዋለች፤ ከከብቶቹ ኋላ ነጫጭ ወፎች ዝቅ ብለው ይበራሉ፤ ሸለቆው በሙሉ በእንቅልፍ ልቡ የሚተነፍስ ይመስላል። እናቴ ጆንያ አንጥፋ ተቀመጠች። አባቴ ራቅ ብሎ ግራር ተደግፎ ቆመ።

መኪናዋን አቧራው ላይ ለቀቅኳት። የኋላ ጎማዎቿን ከፊቶቹ በተቃራኒ አድርጌ አንዲት ድንጋይ አስዞርኳት። እሽክርክሪት እንደያዛት ልጅ እዚያው በዚያው ዞረች።

አባቴ ሳላስበው አጠገቤ ደርሷል። «አቁሚያት» አለኝ። አቆምኩ። ቁጢጥ ብሎ አቧራው ላይ ያለውን ዱካ በጣቱ ተከተለ፤ ዞሮ ዞሮ እጁ ከጀመረበት ደረሰ።

«አንድ ዱካ ነው» አለ። «የኋላው የፊቱን ረግጦ ነው የሄደው።»

«ሌላው መኪና እንዲህ አይሄድም?» አልኩት።

«አይሄድም። ትልቅ መኪና ሲታጠፍ የኋላው ወደ ውስጥ ይቆርጣል። የፊቱ ያልነካውን የኋላው ይነካል።» ወደ እናቴ ዞሮ፣ «ያኔ እንዲህ ቢሆን ኖሮ እግርሽ…» አለና ቀረ።

እናቴ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ወንዝ ዳር አልወደቅሁም» አለችኝ። «በራችን ላይ ነው። አባትሽ መኪናውን ሲያስገባ ቅጥሩን ተጠግቼ ቆሜ ነበር። የፊት ጎማው ሲያልፈኝ ሁሉም ያለፈ መሰለኝና እግሬን አወጣሁ። እሱም ያለፈ መስሎት ነበር።»

«ታዲያ ለምን ወንዝ ዳር ወድቃ ነው አላችሁን?»

«እኔ ነኝ እንዲያ በሉ ያልኩት። አባታችሁን በክፉ ዓይን እያያችሁ እንድታድጉ አልፈለግሁም።»

አባቴ ከቁጢጡ አልተነሳም። አቧራው ላይ እንባው ጠብ ሲል አየሁ። እናቴ ጆንያዋን ትታ እየተራመደች መጣችና እጇን ዘረጋች። «አምጪው እስቲ ያንን ነገር።»

ሪሞቱን ሰጠኋት። መኪና ነድታ አታውቅም፤ ቁልፏንም ሳታውቅ ገፋቻት መሰለኝ፣ አራቱም ጎማዎች ወደ አንድ ወገን አዘነበሉ። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ተራራው እንዳቀናች ወደ ጎን መንሳፈፍ ጀመረች። ከበታቿ አቧራው በቀስታ ይነሳል፤ መሬቱ ራሱ ከሥሯ እየተሳበ የሚሄድ እንጂ እሷ የምትሄድ አትመስልም። ሦስታችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን። ያቺ ደቂቃ ምን ያህል እንደቆየች ዛሬም አላውቅም።

«ሱታ! ሱታ!» አለ አባቴ፣ በኦሮምኛ ቀስ በይ ማለቱ ነው። የሾፌርነት ድምፁን ያኔ ገና መስማቴ ነበር። «መሪውን መልሺ! እንዲያ! ማሻአላህ!»

እናቴ መኪናዋን በአባቴ ዙሪያ አዞረቻት። ሊሸሽ ፈልጎ ነበር፤ «አብሽር፣ አልነካህም» ስትለው ግን ባለበት ቆመ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ። ባትሪው እስኪያልቅ እየተቀባበሉ ነዱ፤ እኔን ያስታወሰኝ የለም።

ስንመለስ አባቴ ባጃጁ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠ። ዓይኑን አልጨፈነም፤ እንዲያውም በየመታጠፊያው ሾፌሩን ሲመክር መንገዱ አለቀ። ማታ ለእህቴ ደውለን ሁሉንም ነገርናት። ስታለቅስ ይሰማኛል። በኋላ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ «ታዲያ ማን ይሻላል አነዳዱ?» አለች።

አባቴ ስልኩን ከእጄ ወሰደው። «እናትሽ» አላት። «ማርሽ ያለው ብትልኪ ደግሞ እኔ አስተምራታለሁ።»