ለወንድሜ የጠበስኩት እንቁላል

ወንድሜን ያፈረጠምኩት እኔ ነኝ። ሲሚንቶ የሞላ ጣሳ እያነሳ ነው የፈረጠመው የሚሉ አሉ። ልክ ናቸው፤ ነገር ግን ባዶ ሆድ ጣሳ አያነሳም። ያን ሆድ የሞላሁት እኔ ነኝ። እናታችን ልታጎድለው ስትደክም እኔ ከኋላዋ እየሄድኩ ሞላሁት። ያኔ ኩራቴ ነበር።

ነገሩ የሆነው ደብረ ታቦር ነው፣ በደርግ ጊዜ። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱን የያዘችው እናታችን ነበረች። ሽሮና በርበሬ እያዘጋጀች ከሌላ አገር ተመድበው ለመጡ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች ትሸጥ ነበር። የእሷን ሽሮ የቀመሰ ወደ ሌላ አይሄድም። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስጨርስ ፈተናው አልሆነልኝምና መኪና ማቆሚያው ፊት ለፊት ያለ አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ወጥ ቤት ገባሁ።

የሻይ ቤት ሥራ ጥድፊያ ነው። ከባሕር ዳር መጥቶ ወደ ንፋስ መውጫ የሚያልፈው አውቶቡስ ሲቆም መንገደኛው ግር ብሎ ይገባል፤ ሹፌሩ ጡሩምባ ሳይነፋ በልቶ መውጣት አለበት። ያለን እንቁላል በዳቦ፣ ፓስታና ሳምቡሳ ነው። ቡታጋዙን አቀጣጥዬ፣ ሦስት እንቁላል ሰብሬ፣ ሽንኩርትና ቃሪያ ጨምሬ ዳቦ ውስጥ እስክከተው ሰውዬው እጁን ታጥቦ አይጨርስም። በዚህ ፍጥነቴ እኮራ ነበር፤ ሌላ የምኮራበት ነገር አልነበረኝም።

እናቴ ይህን ምግብ ብላ አትጠራውም። ምግብ ማለት ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ተፈጭቶ፣ ቀስ ብሎ የበሰለ ነው ትላለች። በጥድፊያ የተሠራ ሆድ ውስጥም ይጣደፋል፣ አይረጋም ትላለች። እኔም አላርፍም፤ ያንቺ ሽሮ እስኪንተከተክ አውቶቡሱ ወልድያ ይደርሳል እላታለሁ። ምላሴ ረጅም ነው፤ እስከ ዛሬም አላጠረም። ከልጅነቴ ጀምሮ የቤታችንን ጉዳይ ጎረቤት የማደርሰው እኔ ስለነበርኩ "ካፍ ከወጣ አፋፍ" ስትለኝ ነው ያደግሁት።

ወንድሜ ከእኔ በሦስት ዓመት ያንሳል። አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ ከአዲስ አበባ የመጣ የስፖርት አስተማሪ ክብደት ማንሳት አስተማራቸው። ብረት ከየት ይምጣ? ሁለት የቀለም ጣሳ ፈለገ፣ ከግንባታ የተረፈ ሲሚንቶ ለምኖ አቦካ፣ በአንድ የውሃ ቧንቧ አጋጠማቸው። አንደኛው ጣሳ ከሌላው ስለሚከብድ መጀመሪያ ሰሞን ሲያነሳ ወደ ቀኝ ያዘም ነበር፤ እኔና እናቴ ከጓሮው በር ቆመን እንስቅበታለን። በኋላ ቀለል ባለው በኩል ድንጋይ አሰረበትና ተስተካከለ።

አስተማሪው ጡንቻ የሚሠራው ፕሮቲን ነው፣ እንቁላል፣ ሥጋና ወተት ብሉ ብሏቸው ነበር። ወንድሜ ይህን ቤት ይዞ ሲመጣ እናቴ ሳቀች። ከገሳይ በኩል ለገበያ የሚመጡት ገበሬዎች ኩንታል ገብስ ከአህያ አውርደው በትከሻቸው ሲያስገቡ እንቁላል በልተው ነው ወይ አለችው። እንቁላሉንማ ለገበያ አምጥተው ይሸጡታል፤ እነሱን ጉልበተኛ ያደረጋቸው በሶና ባቄላ ነው። እንዲህ ትበል እንጂ አታስርበውም። ጠዋት ገንፎ በቅቤ፣ ማታ ሽሮ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አይብ። እኔ ደግሞ አልፎ አልፎ እንቁላሌን አበላዋለሁ። ፉክክር ነበር። እሱ የሁለታችንንም በልቶ፣ ለእሷ ያንቺ ይበልጣል፣ ለእኔም ያንቺ ይበልጣል ይለን ነበር።

ሻይ ቤት የሚበላ ሰው ዓይኑ አውቶቡሱ ላይ ነው፤ እጅሽ ይባረክ የሚል የለም። የከተማው ሰውም ሻይ ቤት የምትሠራ ሴትን በምን ዓይን እንደሚያያት የታወቀ ነው። ወንድሜ ግን ደብተሩን ይዞ በጓሮ በር ይገባና ጉርድ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ሳህኑን በዳቦ ጠርጎ ይበላል። ከዚያ ቀና ብሎ "ጨምሪልኝ" ይለኛል። ለዚያች ቃል ስል የሻይ ቤቱን እንቁላል ሁሉ ብሰብርለት ደስ ባለኝ።

አንድ ዓመት መስከረም ሊያልቅ ሲል እናቴ ዘንድሮ ጽጌን እንጾማለን አለች። ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው፤ የፈለገ ይጾመዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። በእኛ ቤት ተጹሞ አያውቅም። እንቁላል የሚጥሉትን ሁለት ዶሮዎቿን ሸጠቻቸው። ቅቤው አለቀ አለች። ሽሮው ዘይት የሌለው ሆነ፣ ገንፎው ቀረ፣ የወንድሜ እንጀራ ከሁለት ወደ አንድ ወረደ። የእሷ ከዚያም ያንሳል፤ ጉንጯ እየጎደጎደ ሄደ። ጽጌ ሲወጣ ይሻላል ብለን ስንጠብቅ በመሐል ባሉት የፍስክ ቀናትም ያው ሆነ። ከዚያ ጾመ ነቢያት ገባ።

እኔ ተናደድኩ። ባሏ የሞተባት ሴት ስታረጅ መመነን ያምራታል እንጂ ልጇን ማስመነን ምን አመጣው አልኳት። ሲሚንቶ የሚያነሳ ልጅ በጎመን እንዴት ይቆማል አልኳት። ሊባል የማይገባው ብዙ ነገር ተናገርኩ። አንድ ዓመት ብቻ ታገሱኝ አለች።

እኔ ግን አልታገስኩም። ወንድሜን ከትምህርት ቤት ሲወጣ በየቀኑ በጓሮ በር ና አልኩት። ሦስት እንቁላል፣ አንዳንዴም ከሥጋ መረቅ ጋር ፓስታ። ጾሙ አሳስቦት ነበር፤ ኃጢአቱ የኔ ነው፣ አንተ ብላ አልኩት። ቤት ሲገባ እናቴ ያቀረበችለትን አንዷን እንጀራ ቀስ ብሎ ይበላና፣ ተመስገን ብሎ እጁን ይታጠባል። ጨምሪልኝ አይላትም። እናቴ ተገርማ ለጎረቤት፣ እግዜር ረሃቡን ያዘለት ብላ ስታወራ ሰምተናል። እኔና እሱ ጓሮ ገብተን አፋችንን በእጃችን ይዘን ሳቅን። ያን ሳቅ ለራሴ ይቅር ልለው አልቻልኩም።

ገላውን አላየችውም። የደብረ ታቦር ብርድ የታወቀ ነው፤ የአባታችንን ሰፊ ኮት ከላዩ አያወርድም። ጣሳውን የሚያነሳው እሷ ጠዋት ኪዳን ስትሄድ ነው። እኔ ግን ክንዱ በየሳምንቱ ሲሞላ በእጄ እየጨበጥኩ እለካው ነበር፤ አንዱ እጄ ሲያንሰኝ በሁለቱ ያዝኩት።

ታኅሣሥ ላይ ቀበሌ ለብሔራዊ ውትድርና ስም ጠራ። የእሱም ስም ነበረበት። ልጆቹን አዳራሽ አስገብተው ቁመታቸውን ግድግዳ ላይ፣ ክብደታቸውን በእህል ሚዛን ለኩ። እናቶች ውጭ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። እኔም ሽርጤን ሳልፈታ ከሥራ መጣሁ። በሩ ክፍት ስለነበር ውስጡ ይታያል። ከእኛ ይልቅ በችግር የሚኖሩት የጎረቤቶቻችን ልጅ ከሲታ ነውና ለዘንድሮ አልደረሰም ተብሎ ወጣ። እናቱ እልል እንዳትል አፏን በነጠላዋ ያዘች። ወዲያው እናቴ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፤ ፊቷ ላይ ተስፋ አየሁ። ተስፋው የምን እንደሆነ አልገባኝም።

ወንድሜ ኮቱን አወለቀ። ሸሚዙንም አወለቀ። ሚዛኑን የሚያነበው ሰውዬ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ፣ ይሄ ብቻውን መድፍ ይጎትታል አለ፤ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ። ወንድሜም ሳቀ። ሲመሰገን ሁልጊዜ ይስቃል።

እናቴ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ጠየቀችኝ።

"ይህን ገላ ከየት አመጣው?"

"እኔ ነኝ" አልኳት። "በየቀኑ እንቁላል አበላዋለሁ።"

እውነቱን ልናገር፣ ይህን ስላት ኮርቼ ነበር። ፉክክሩን ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። የማኅበር ጓደኛዋ ክረምት ላይ፣ አንበሳሜ ከተማ የአንዲት እናት ልጅ ሚዛን ሳይሞላ ቀርቶ ከውትድርና ተመለሰ ብላ አጫውታት ነበር። ጽጌውም፣ የዶሮዎቹ መሸጥም፣ ዘይት የሌለው ሽሮም ለዚህች ቀን ነበር። ልጇን አክስታ ልታስቀረው ነበር። ብቻውን ሲራብ ማየት ስላልቻለች እሷም አብራው ተርባለች። እኔ በዚያ ፈጣን እጄ የሦስት ወር ድካሟን አፈረስኩባት።

"ምነው ሳትነግሪኝ?" አልኳት።

"ሻይ ቤትሽ ካድሬ ይበላል። አንቺ ደግሞ አፍሽ አያርፍም። ለሱ ብነግረው ላንቺ ይነግርሻል" አለች። ቁጣ የለበትም። "ፈራሁሽ፣ ልጄ።"

ያን ጊዜ በጥፊ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው ስንቅ አዘጋጀችለት። ከጓዳ አንድ የተከደነ ገንቦ አወጣች፤ አለቀ ያለችው ቅቤ ነው፣ ነጥሮ እስከ አፉ ሞልቷል። ከሚዛኑ ተርፎ ሲመለስ ልታገነፋለት ነበር ያስቀመጠችው። ጾም ነው ብላ ግን ጥቂት አመነታች። ኋላ እግዜር ይፍታኝ አለችና በሶውን በቅቤው ለወሰችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ የምይዘው ሥራ አጥቼ እጄን ሽርጤ ላይ እጠርግ ነበር። ለወንድሜ እንዴት እንደተመረጠም ሆነ ለምን እንዲህ እንደተከፋን አልነገርነውም። ጣሳዎቹን ማንም እንዳይነካብኝ፣ ስመለስ እቀጥላለሁ ብሎ ሄደ።

አንድ ደብዳቤ መጣ። ደህና ነኝ ይላል። ሌላ አልመጣም። እኔ ከሻይ ቤቱ ወጣሁና ከእናቴ ጋር የሽሮ እህል መልቀም ያዝኩ። በቤታችን እንቁላል አልተሰበረም፤ በፋሲካም ቢሆን። ስለ ጉዳዩ አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም። እኔም ምላሴ ለዚህ ብቻ ታሰረ።

መንግሥት ሲለወጥ ወታደሩ በእግሩ ወደየአገሩ ይመለስ ጀመር። በገሳይ በኩል እየመጡ ዳቦ ይለምናሉ። እናቴ በሶ በጥብጣ መንገድ ዳር ትቀመጣለች፤ እያጠጣች የወንድሜን ስም እየጠራች ትጠይቃለች። በሰኔ ጾም አንዱ ራሱ ቤታችንን ጠይቆ መጣ። ሽሮ የሚሸጡት እናት ቤት እያለ ነው የደረሰው። እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል፣ ዕድሜው ከወንድሜ ጋር እኩል ይመስላል። አብረው ነበሩ። ወንድሜ ከሁለት ዓመት በፊት ታሞ፣ ምሽግ ውስጥ እንደሞተና ራሱ እንደቀበረው ነገረን።

እናቴ አልጮኸችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

"ከስቶ ነበር?"

ልጁ ወደ እኔ አየ፤ ልዋሽ ወይ እንደማለት። ከዚያ አንገቱን ደፋ።

"በጣም ከስቶ ነበር፣ እማማ። አንቱን መዋሸት አልችልም።"

እናቴ ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች፣ ጎረቤት ሄዳ እንቁላል በእጇ ይዛ ተመለሰችና ለእኔ ሰጠችኝ። ሥሪለት፣ ያንቺው ቶሎ ይደርሳል አለች።

ሰብሬ ጠበስኩለት። ልጁ አፉን እያቃጠለው በላ፤ ሲጨርስም ሳህኑን በዳቦ ጠረገው። እናቴ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ እያንዳንዷን ጉርሻ ታያለች።

"እሱም እንዲህ ነበር የሚበላልሽ?" አለችኝ።

"አዎ።"

"ምን ይልሽ ነበር?"

"ጨምሪልኝ ይለኝ ነበር" አልኳት።

ሳህኑን ከልጁ ፊት አነሳችና በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።

"እኔን ያን ሰሞን አንድ ቀን እንኳ አላለኝም" አለች። "ቢለኝ ኖሮ እኔም እሰጠው ነበር።"